ሕጉን ያወጣው ውሻው ነው? ስለ አሜሪካ ጥቁሮች ሰልፍና ስለ ቴሌቪዥን ዜና ተወራርደናል፣ እርዱኝ

የሸዋ በር ልጅ

ሰላም ጀማው። ደሴ ነኝ። አንድ ክርክር አንጠልጥዬ መጥቻለሁ፣ እስከ አርብ ሁነኛ መልስ ካላገኘሁ ኪሴ ሊራቆት ነው።

ባለፈው አርብ ከጁምዓ መልስ እንደ ልማዳችን ፒያሳ ጀበና ቡና ይዘን ተቀምጠናል። ውጭ ጉሙ ጦሳን ውጦታል። ቴሌቪዥኑ ላይ በ1960ዎቹ አሜሪካ ስለነበረው የጥቁሮች የመብት ትግል ዶክመንተሪ ይታያል። ፖሊስ ውሻ ሲለቅ፣ ተማሪዎች በእሳት አደጋ ቱቦ ውሃ እንደ ገለባ ሲጠረጉ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቡና የምታፈላው ልጅ እንኳ ሲኒ በእጇ እንደያዘች ቆመች።

አጎቴ ዕድሜውን በአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፣ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። «ሕጉን ያወጣው ውሻው ነው» አለ። ኬኔዲ ያንን በቴሌቪዥን አይቶ አንጀቱ ተላወሰ፣ ሕግ ይውጣ አለ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ፖለቲከኛ አንጀት የለውም፣ ካለውም የሚላወሰው ምርጫ ሲደርስ ነው አልኩ። ኮምቦልቻ ካምፓስ የሚማር ጓደኛችን ሦስተኛ ነገር አመጣ፦ ቴሌቪዥኑ የነጮች፣ መንግሥቱ የነጮች፣ አብዛኛው ተመልካችም ነጭ። ታዲያ ለምን ያሳያሉ? አንድ ባለሥልጣን ደውሎ «አጥፉት» ቢል አይበቃም ነበር?

እስከ መግሪብ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ተወራረድን። የተሸነፈ በሚቀጥለው አርብ ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ቡና ይጋብዛል። አርብ ቀን ያ ቤት ስንት ሰው እንደሚይዝ የምታውቁ ታዝኑልኛላችሁ።

እና የምታውቁ ንገሩኝ። ያኔ የነበሩ ፖለቲከኞች ቴሌቪዥን ላይ ያዩት ነገር በእውነት ለውጧቸዋል? ሰልፉን የሚጠሉትስ ዝም ብለው አዩ? በአላህ፣ የኛን የሰሞኑን ፖለቲካ እዚህ አታምጡብኝ።

ጡረተኛው መምህር (ሆጤ)

ልጄ፣ አጎትህም አንተም ግማሽ ግማሽ ልክ ናችሁ። አንድ ነገር ግን ላርም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገር።

ያየኸው በርሚንግሃም፣ አላባማ ነው፣ ሜይ 1963። የከተማው ፖሊስና እሳት አደጋ በቡል ኮነር እጅ ነበሩ። ከትምህርት ቤት ወጥተው የተሰለፉትን ልጆች አንድ ቀን ሙሉ ሲያስር ዋለ። እስር ቤቱ ሞላ። በማግስቱ ውሻና ቱቦ አወጣ። ኬኔዲን «አመመኝ» ያሰኘው ግን ጋዜጣ ላይ የወጣ አንድ ፎቶ ነው፣ ውሻ የአንድ ወጣት ሆድ ላይ ሲዘል የሚያሳየው። ቴሌቪዥን አይደለም። አጎትህ ይህን ሲሰማ ደስ አይለውም።

ቴሌቪዥኑም ቢሆን ዛሬ እንደምታውቀው አልነበረም። የትልልቆቹ የቴሌቪዥን ድርጅቶች፣ የሲቢኤስና የኤንቢሲ፣ የማታ ዜና 15 ደቂቃ ነበር፣ ወደ ግማሽ ሰዓት ያደገው ከበርሚንግሃም በኋላ በሴፕቴምበር 1963 ነው። የዓለም ወሬ ሁሉ በ15 ደቂቃ ተጠቅልሎ ለአንዲት የደቡብ ከተማ ምን ያህል እንደሚተርፍ አስበው። ያም ሆኖ ሰውን ከወንበሩ የምታስነሳ አንዲት ደቂቃ አንድ ሰዓት ከሚያወራ ባለሥልጣን ትበልጣለች። ኬኔዲ ራሱ በኋላ ስለ ቡል ኮነር ሲያነሳ፣ ይሄ ሰውዬ ለመብት ትግሉ ከአብርሃም ሊንከን ያላነሰ ውለታ ውሏል እስከ ማለት ደርሷል።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ፕሬዝዳንቱ የሚያስበው የአላባማን ነጭ ብቻ አልነበረም። ዓለም ያያል። በዚያው ወር፣ በኛ ግንቦት 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን እየመሠረቱ ነበር። የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ ከዚያው ከአዲስ አበባ ለኬኔዲ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፣ ውሻውንም ቱቦውንም አነሳበት። ጉባኤውም በውሳኔው ላይ የአሜሪካን የዘር አድልዎ በስም ጠርቶ አሳስቦናል አለ፣ የፌዴራሉን መንግሥት ጥረት ደግሞ አመሰገነ። ዲፕሎማሲ ነው፣ በአንድ እጅ ኩርኩም በአንድ እጅ እጅ መንሻ። ጊዜው አሜሪካና ሞስኮ አፍሪካን ለመወዳጀት የሚሽቀዳደሙበት ነው። እና ኬኔዲ «አመመኝ» ሲል ያመመው ብዙ ቦታ ነው።

ጁን 11 ማታ በቴሌቪዥን ቀርቦ ጉዳዩ የሞራል ጉዳይ ነው፣ የዘር አድልዎን የሚከለክል ሕግ ይውጣ አለ። በዚያው ቀን የአላባማው ገዥ ጆርጅ ዋላስ ሁለት ጥቁር ተማሪዎች እንዳይመዘገቡ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆሞ ነበር። ያቺ መቆምም ለካሜራ ነበረች፣ የት እንደሚቆሙ ሳይቀር መሬቱ ላይ በጠመኔ ተሰምሯል! ዋላስ የሚለውን አለ፣ ተቀረጸ፣ በኋላ ዞር አለ፣ ልጆቹም ገቡ። ካሜራ ሰልፈኛውን ብቻ ነው የጠቀመው የሚል ካለ ይሄን ይዘህ ሂድበት።

የሸዋ በር ልጅ

መምህር፣ ያቆዩልኝ። የጋዜጣውን ነገር ለአጎቴ እስከ አርብ አልነግረውም። ግን የጓደኛዬ ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። ለምን አላጠፉትም?

ዲሽ ሰሪው (ኮምቦልቻ)

አጥፍተውታል እንጂ ወንድሜ! ይሄ የኔ ሙያ ነው፣ ለኔ ልቀቁልኝ።

አሜሪካ ውስጥ ትልቁ ኔትወርክ ኒውዮርክ ቁጭ ብሎ ይልካል፣ የየከተማው ጣቢያ ይቀበልና ለሕዝቡ ያሳያል። ስለዚህ መሃል ላይ ቧንቧውን የያዘ ሰው አለ። ጃክሰን፣ ሚሲሲፒ ላይ ደብልዩኤልቢቲ የሚባል የኤንቢሲን ፕሮግራም የሚያሳይ ጣቢያ ነበር። በ1955 ቱርጉድ ማርሻል ኤንቢሲ ላይ ቀረበ። የጥቁሮቹ ጠበቃ፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነው። ጣቢያው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? «ይቅርታ፣ የኬብል ብልሽት ነው» የሚል ጽሑፍ ለጠፈና ቁጭ አለ። ኬብሉ ምንም አልሆነም።

ወላሂ ሳነበው ሳቄ መጣ። እኔ ራሴ ደንበኛ «ለምን ይቆራረጣል» ሲለኝ «ንፋስ ዲሹን አዙሮት ነው» ብዬ ስንቱን አሳምኛለሁ፣ ጥፋቱ ግን ያሰርኩት የኔው ብሎን ነው። የነሱ ብልሽት ግን የሚመጣው ጥቁር ሰው ሲናገር ነው።

እዚያው ጃክሰን ሜድጋር ኤቨርስ የሚባል የመብት ታጋይ ነበር። የመልስ ሰዓት ስጡን እያለ ዓመታት ደጅ ጠና። በሜይ 1963 ከንቲባው በቴሌቪዥን ሰልፈኞቹን ሲያወግዝ ጊዜ በዚያው ጣቢያ መልስ እንዲሰጥ ተፈቀደለት። ተናገረ። የከተማው ሰው ፊቱን አወቀው። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኬኔዲ ያንን ንግግር ባደረገበት ሌሊት፣ በቤቱ ደጃፍ በጥይት ገደሉት። እዚህ ጋ ስደርስ ሳቄ ቆመ።

ቀጥሎ ግን ልብ የሚያደርስ ነገር አለ። በ1964 አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞችን በድብቅ አስቀምጦ የጣቢያውን ፕሮግራም ለአንድ ሳምንት አስመዘገበ። ማን ተናገረ፣ ማን ተቆረጠ፣ ጥቁር ሰው በምን ስም ተጠራ። ያንን ይዞ ፈቃድ ሰጪው ኮሚሽን ዘንድ ሄደና ፈቃዱ አይታደስ አለ። ኮሚሽኑ «እናንተ ምናችሁ ተነካ?» አላቸው። ያኔ መቃወም የሚችለው ገበያው የተነካበት ወይም ሞገዱ የተረበሸበት ሌላ ጣቢያ ብቻ ነበር። ተመልካች ባለጉዳይ አይደለም። በ1966 የይግባኝ ዳኛው ዋረን በርገር አይ፣ ተመልካቹም ባለጉዳይ ነው ብሎ ፈረደ፣ በ1969 ደግሞ የጣቢያው ፈቃድ እንዲነሳ አደረገ። ይሄ በርገር ለጥቁር ያደላ ነው እንዳትሉ፣ በኋላ ኒክሰን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ አድርጎ የሾመው ወግ አጥባቂ ሰው ነው።

ስለዚህ ለካምፓሱ ልጅ ንገረው፣ ስልክ መደወል እንኳ አላስፈለገም፣ የሚያጠፋው ሰው መጀመሪያም ጣቢያው ውስጥ ነበር። ችግሩ አንዱ ጣቢያ ቢያጠፋ ሌላው ከተማ ያያል። አገሩ ሰፊ ነው።

ሐረጎ ቁልቁል

ስለ ውሻው አወራችሁ፣ ስለ ጨዋው ፖሊስ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ኦልባኒ፣ ጆርጂያ፣ 1961 እና 62። የፖሊስ አዛዡ ሎሪ ፕሪቸት ይባላል። ይሄ ሰው የማርቲን ሉተር ኪንግን ዘዴ ቁጭ ብሎ አጥንቶታል። ስለዚህ ፖሊሶቹን ካሜራ ፊት ዱላ እንዳታነሱ አላቸው። ሰልፈኛ ሲመጣ በትህትና ያስራል። እስር ቤቱ እንዳይሞላበት በዙሪያው ካሉ አውራጃዎች እስር ቤት ቀድሞ ቦታ ይዟል። በጁላይ 1962 ኪንግ 178 ዶላር ከምቀጣ 45 ቀን እታሰራለሁ ብሎ ገባ። ብዙም ሳይቆይ «አንድ ሰው ቅጣትህን ከፍሎልሃል፣ ውጣ» ተባለ። ከፋዩ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ነው። እስረኛ ከእስር ቤት በግድ ሲባረር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ካሜራው የሚቀርጸው አጣ። ጋዜጠኛው ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ኪንግም ይሄ ነው የሚባል ነገር ሳያገኝ ወጣ፣ የነጭና የጥቁር መለያየቱም እንደነበረ ቀጠለ።

እና አጎትህን ጠይቅልኝ፣ ውሻ ባይኖርስ?

ከዚያ በኋላ ነው ኪንግና ጓዶቹ ቦታ መምረጥ የጀመሩት። በርሚንግሃም ሲሄዱ ቡል ኮነር እንዳለ ያውቃሉ። በ1965 ሴልማ፣ አላባማ ሲሄዱ ሸሪፉ ጂም ክላርክ ቁጡ መሆኑን ያውቃሉ። ይሄን ተንኮል የሚለው አለ። እኔ አልለውም። ዱላው ድሮም ነበር፣ ጨለማ ውስጥ ነበር እንጂ። ጨለማ ስል በምሳሌ አይደለም። ፌብሩዋሪ 18 ማታ ለሴልማ ቅርብ በሆነችው በማሪዮን ሰልፈኞቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የመንገዱ መብራት ጠፋ። ፖሊስ ገባባቸው። ካሜራ ላይ ቀለም ተረጨ። የኤንቢሲው ዘጋቢ ሪቻርድ ቫለሪያኒ ጭንቅላቱን በመጥረቢያ እጀታ ተመታ። ጂሚ ሊ ጃክሰን የሚባል የ26 ዓመት ወጣት በጥይት ተመትቶ ከቀናት በኋላ ሞተ። የጃክሰንን መመታት የቀረጸ ካሜራ የለም። ቫለሪያኒ ሆስፒታል ተኝቶ ጭንቅላቱ እንደታሰረ የዘገበው ነው ሰው ያየው።

ማርች 7 ግን ቀን ነበር። 600 ያህል ሰልፈኞች የሴልማን ድልድይ ሲሻገሩ የአላባማ ፖሊስ በዱላና በአስለቃሽ ጭስ ተቀበላቸው፣ ካሜራውም እዚያው ቆሟል። ማታ ኤቢሲ የናዚዎችን ችሎት የሚተርክ ፊልም እያሳየ ሳለ አቋረጠና 15 ደቂቃ ያህል ሴልማን ለቀቀ። 48 ሚሊዮን ያህል ሰው ፊልሙን እያየ ነበር ይባላል። የጀርመንን ግፍ እያየ ደሙ የፈላ ሰው ድንገት የራሱን ፖሊስ ያያል። ይሄ በዕቅድ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ አጋጣሚ ነው።

በስምንተኛው ቀን ፕሬዝዳንት ጆንሰን ኮንግረሱ ፊት ቆሞ የመምረጥ መብት ሕግ ጠየቀ። የሰልፈኞቹን መዝሙር «እናሸንፋለን»ን በራሱ አፍ አለው። ኦገስት 6 ተፈረመ። አጎትህ «አላልኩም!» ሊል ነው። ቆይ። ጆንሰን ሕጉ እንዲረቀቅ ከሴልማ በፊት አዝዟል። ጃንዋሪ 15 ከኪንግ ጋር በስልክ ያወሩት ተቀድቶ አለ። እዚያ ላይ ጆንሰን ራሱ ነው ኪንግን የሚመክረው፣ ጥቁሩን ከመምረጥ ከሚከለክሉት ቦታዎች የባሰውን ፈልጉና በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ በየስብከቱ አውጡት የሚለው። ፕሬዝዳንቱ አይቶ አልተለወጠም። እንዲታይለት ነው የጠየቀው። ኮንግረሱን ብቻውን መግፋት ከብዶታል፣ ከኋላው ሆኖ የሚጮህ ሕዝብ ፈለገ።

ዝም ብዬ አንባቢ

ቤቱ ዩኒቨርሲቲ ሆነ እንዴ። ቡናውን ማን እንደሚከፍል ብቻ ንገሩኝ፣ አርብ እዚያው ነኝ።

የመናፈሻዋ እናት

ሐረጎ ልጄ፣ ጆንሰንን እንዲህ ሰማይ አታድርስብኝ። እኔ የማውቀው ጆንሰን ሌላ ነው።

ኦገስት 22 ቀን 1964፣ አትላንቲክ ሲቲ፣ የዴሞክራት ፓርቲ ጉባኤ። ሚሲሲፒ የላከቻቸው ልዑካን በሙሉ ነጮች። ጥቁሮቹ የራሳቸውን ልዑካን ይዘው መጥተው ወንበሩ የኛ ነው አሉ። ከተናገሩት አንዷ ፋኒ ሉ ሄመር ናት። ጥጥ እርሻ ላይ የኖረች ሴት። ለመምረጥ ልመዝገብ ብላ በመሄዷ ብቻ 18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ያባረሯት። እስር ቤት ውስጥ እንዴት እንደደበደቧት ትናገር ጀመር፣ ቴሌቪዥኑ በቀጥታ ያሳያል። ጆንሰን ዋይት ሀውስ ሆኖ ጭንቅ ያዘው። የደቡብ ነጮች ጥለውኝ ይሄዳሉ ብሎ ነው። ወዲያው ጋዜጠኛ ጠራ። ካሜራው እሷን ጥሎ ወደ እሱ ሮጠ። ሰው ሁሉ ትልቅ ነገር ሲጠብቅ ኬኔዲ ከተገደለ ዛሬ ዘጠኝ ወር ሞላው አለ። በቃ። አፏን ለማዘጋት ነው! ግን አልቀናውም፣ ኔትወርኮቹ ማታ፣ ሰው ሁሉ ከሥራ ገብቶ በተቀመጠበት ሰዓት፣ ንግግሯን መልሰው አሳዩት። የማያያት ሁሉ አያት። ያም ሆኖ ያቀረቡላቸው ሁለት ወንበር ነው፣ አንቀበልም ብለው ሄዱ።

ይሄው ጆንሰን ነው ከአምስት ወር በኋላ «ቴሌቪዥን ላይ አውጡት» የሚለው። በመሃል ምን ሆነ? ኖቬምበር ላይ ምርጫውን አሸነፈ። የሸዋ በር ልጅ፣ እኔ ካንተ ጋር ነኝ፣ አንጀቱን ተወውና ቀኑን ቁጠር።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ወሎዬ ነኝና አያስችለኝም። በ66ቱ ረሃብ ልጅ ነበርኩ። ከገጠር የመጣው ሰው ደሴ መንገድ ዳር ተኝቶ እያየን፣ አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ተድበስብሷል። በኦክቶበር 1973 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ ሲያሳይ ፈረንጁ አልቅሶ ብር አዋጣ። በኋላ በኛ በ1967 የዘመን መለወጫ ማታ ደርግ ያንን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለቀቀው። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ንጉሡ ወረዱ። እስቲ አጎትህን ጠይቅልኝ፣ ንጉሡን ያወረደው ፊልሙ ነው? ደርግ ከዚያ በፊት ባለሥልጣኑን አንድ በአንድ ለቅሞ አስሮ ጨርሷል እኮ። ፊልሙ የቀረውን ሰው ልብ ማሸፈቻ ነው።

እና ያን ማታ እኛ አላየነውም። ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አልነበረም። አባቴ መውረዳቸውን በሬዲዮ ነው የሰማው። የኬብል ብልሽቱን ሳነብ እሱ ትዝ አለኝ፣ ስለራሱ የሚወራውን የማያይ ሰው ሚሲሲፒም ወሎም አለ።

ጡረተኛው መምህር (ሆጤ)

እህቴ፣ የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት።

ልጄ፣ ሰልፉን የሚጠሉት ዝም ብለው አዩ ወይ ብለህ ነበር። የደቡብ ፖለቲከኛ ሥዕሉን ውሸት ነው ለማለት አልተመቸውም፣ ውሻው እየታየ። ስለዚህ ቀራጩ ላይ ዞረ። ኒውዮርክ የተቀመጡ ሰዎች ስማችንን አጠፉ አለ። ሲቢኤስን «የጥቁሮች ማሰራጫ» እያሉ ያላግጡበት ነበር። ፍርድ ቤትም ሄደዋል። ሱሊቫን የሚባል የሞንትጎመሪ ሹም፣ ስሙ እንኳ ያልተጠራበት የጋዜጣ ማስታወቂያ ስሜን አጠፋ ብሎ ኒውዮርክ ታይምስን ከሰሰና አላባማ ላይ 500 ሺህ ዶላር ተፈረደለት። በማርች 1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ባይሽረው ኖሮ የትኛው አለቃ ነው ዘጋቢውን ወደ ደቡብ የሚልከው?

ኬኔዲ ይውጣ ያለው ሕግ ሴኔት ሲገባ ደግሞ የደቡብ ሴናተሮች በንግግር ብዛት ሊገድሉት ተነሱ፣ ሳምንት በሳምንት ላይ። የሲቢኤሱ ሮጀር መድ በየቀኑ ምክር ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ዛሬም አልጨረሱም እያለ ይዘግባል፣ ሥዕሉ ላይ የሚቆጥር ሰዓት ተደርጎ። እዚያ ውሻ የለም፣ ደም የለም። ሽማግሌዎች ሲያወሩ ብቻ። እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው። ሕጉ በጁላይ 1964 ተፈረመ፣ ያኔ ኬኔዲ ከሞተ ሰባት ወር አልፎታል።

ሕዝቡም ቢሆን ያየውን ሁሉ ወደደ ማለት አይደለም። በኦገስት 1963 የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስበው ጋሉፕ ስለ ዋሽንግተኑ ታላቅ ሰልፍ ሲጠይቅ ከሰሙት ሰዎች 60 በመቶው አልወደዱትም። ዋላስም በ1964 ወደ ሰሜን ወጥቶ ሲወዳደር ዊስኮንሲን በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ሲሶ ያህል ድምፅ አገኘ። ዊስኮንሲን እኮ ደቡብ አይደለም። ያንኑ ቴሌቪዥን እያዩ አንዱ ለሰልፈኛው፣ አንዱ ለዋላስ። ከሴልማ በኋላ ግን 48 በመቶው ከሰልፈኞቹ ጎን ነኝ ሲል ከአላባማ ጎን የቆመው 21 ብቻ ነበር። ፖለቲከኛ የሚያነበው ይሄን ነው።

ያውም ብዙ አልቆየም። የመምረጥ መብት ሕጉ ተፈርሞ ሳምንት ሳይሞላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዋትስ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር በሁከት ነደደ፣ ከሄሊኮፕተር ላይ በቀጥታ ታየ። ያው ካሜራ አሁን የሚያሳየው የሚነድ ሱቅ ሆነ፣ ፖለቲከኛውም ቋንቋውን ለወጠ፣ «ሕግና ሥርዓት» ይል ጀመር። ዋላስ በ1968 ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ አምስት ክፍለ ግዛት አሸነፈ።

የሸዋ በር ልጅ

አርብ አለፈ። ዘገባዬን ላቅርብ።

አጎቴ የጋዜጣውን ነገር ስነግረው ምንም አልደነገጠም። «ፎቶም ያው ሥዕል ነው፣ ውሻውም ያው ውሻ ነው» አለኝ። የጆንሰንን ስልክ ስነግረው «እሱ ጎበዝ ሹፌር ነው፣ ዳገት ሲከብደው ተሳፋሪውን ውረዱ ግፉ ይላል» አለ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ላይ መሆኑ ነው። ፕሪቸት ላይ ስደርስ ግን ዝም አለ። ሲኒውን አስቀመጠ። ቆይቶ ቆይቶ «እንደሱ ያለ ትራፊክ አውቃለሁ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ቤተሰብ ጠይቆ ነው መንጃ ፈቃድህን የሚወስደው። ከሚሰድበው ይልቅ እሱን ነው የምፈራው» አለ። ተሸነፍኩ ግን አላለም። የካምፓሱ ልጅም የኬብሉን ነገር ሲሰማ «ያልኩት እኮ ነው፣ ማጥፋት ይቻላል» ብሎ ራሱን አሸናፊ አደረገ። ሦስት አሸናፊ ሆነን ሦስት ቦታ ከፈልን። በረካውን ቤቱ ጨመረልን።

ሊነሳ ሲል አጎቴ አንድ ጥያቄ ጥሎብኝ ሄደ። «ካሜራውን የያዘው ማን ነበር? ከነሱ ውስጥ ጥቁር ነበረበት?» መምህር፣ ይሄን ይመልሱልኝ።

ጡረተኛው መምህር (ሆጤ)

አጎትህን ሰላም በልልኝ። የየከተማውን ሁከት እንዲያጠና ጆንሰን ያቋቋመው የከርነር ኮሚሽን በ1968 ባወጣው ሪፖርት ይሄንኑ ጠይቆ ነበር። በአሜሪካ የዜና ድርጅቶች ዜናውን ከሚሠሩት ሰዎች ጥቁሩ 5 በመቶ አይሞላም። አዘጋጅና አለቃ ከሆኑት ደግሞ 1 በመቶ አይሞላም። ዜናው የሚጻፈው ከነጭ ሰው ዓለም ሆኖ ነው ብሎ ጽፏል።

ዲሽ ሰሪው (ኮምቦልቻ)

አቦ የትኛው ቤት ነው? አርብ ወደ ደሴ እወጣለሁ፣ ዲሻችሁን አይላችኋለሁ።

የሸዋ በር ልጅ

ና። ቡናውን ግን ራስህ ትከፍላለህ። ሥዕሉ እየተቆራረጠ ነው፣ ንፋስ ነው እንዳትለኝ ብቻ።